የመኪናዋ አባት ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፥ በቅሎን «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ የሚለውን ተረት የማያውቅ በአገራችን የለም። በቅሎው አልዋሸም፤ ፈረስ በእውነት የእናቱ ወገን ነው። ነገር ግን የተጠየቀውን ትቶ የሚያምርለትን መለሰ። ዛሬ በአዲስ አበባ ያገለገለ አውቶሞቢል ሊገዛ የወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ተረት ያስታውስ። ስለ መኪናይቱ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። «ሐኪም የነዳት ናት» ይሉታል፤ ሐኪምም ነድቷት ይሆናል። ከሐኪሙ በፊት ማን እንደ ነዳት፥ ከሐኪሙም በኋላ በማን እጅ እንደ ሰነበተች ግን አይነግሩትም። አጎቷን ጠርተው አባቷን ይሰውራሉ።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በገበያ ቀን ፈረስ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፤ ሰኮናውን አንሥቶ ያያል፤ ጀርባው በኮርቻ የተመታ እንደ ሆነ ይዳስሳል፤ ከዚያም ዳገት አስወጥቶ ትንፋሹን ያዳምጣል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ እንኳ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ሻጩን «ዋስ ጥራ» ይለዋል። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበትና። ጥርስ ማየት፥ ዳገት ማስወጣት፥ ዋስ መጥራት፤ እነዚህ ሦስቱ ለአውቶሞቢልም የሚያገለግሉ መሆናቸውን ከዚህ በታች እናያለን።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው ይልቅ የከበደበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186፥ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ከውጭ ሲገቡ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ፥ ለኤሌክትሪክ መኪና በሩን ክፍት ተወው። ስለዚህ አንድ መምህር ወይም አንድ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ በእቁብና በቁጠባ ባጠራቀመው ገንዘብ ሊገዛት የሚያስባት ትንሽ ቶዮታ፥ ለብዙ ዓመት እዚሁ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የኖረች ናት። ታሪኳ ሁለት ክፍል አለው፤ ከጋላፊ ኬላ ወዲያ ያለውና ከጋላፊ ወዲህ ያለው። ሁለቱንም በመንገዱ ተከትለን እንሂድ።

የመጀመሪያው ክፍል ከሩቅ ምሥራቅ ይጀምራል። በጃፓን አገር አንድ የቤት አውቶሞቢል አዲስ በተገዛ በሦስት ዓመቱ፥ ከዚያም በኋላ በየሁለት ዓመቱ «ሻከን» በሚሉት ምርመራ ማለፍ አለበት። ምርመራው ብዙ ገንዘብ ያስወጣልና፥ ብዙ ጃፓናዊ መኪናው ገና ጤነኛ ሳለች ሸጦ ሌላ ይገዛል። የተሸጠችው መኪና ወደ ሐራጅ አዳራሽ ትሄዳለች። በዚያ መርማሪዎች ዙሪያዋን ተመልክተው፥ የአካሏ ሥዕል ባለበት አንድ ወረቀት ላይ ጭረቱን፥ ጎድጓዳውን፥ የተለወጠውን በር ሁሉ በፊደልና በቁጥር ምልክት ያደርጉበታል፤ የሄደችውንም ኪሎ ሜትር ይጽፋሉ። በግጭት አጥንቷ ተጎድቶ የተጠገነች እንደ ሆነ «አር» የሚል ፊደል ይሰጧታል። ይህ ወረቀት ለመኪናይቱ እንደ ጤና ምስክር ነው። ነገር ግን እዚህ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ በመንገድ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ነፋስ ወስዶት ብቻ አይደለም።

ከጃፓን የወጣችው መኪና በመርከብ ተጭና ብዙ ጊዜ የምታርፈው በዱባይ ነው። በዚያች ከተማ ራስ አል ኾር በሚባለው ስፍራ ላገለገሉ መኪናዎች ንግድ የተከለለ ሰፊ ግቢ አለ። የአፍሪካ ነጋዴ፥ ኢትዮጵያዊውም ጭምር፥ በፀሐይ ውስጥ በረድፍ ከተሰለፉት መካከል እየተዘዋወረ ይመርጣል። የጃፓን መኪና መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፤ የእኛ መንገድ ግን በግራ የተቀመጠ መሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ሜካኒኮች ዳሽቦርዱን ገንጥለው መሪውን፥ ፔዳሎቹንና ሽቦውን ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ያሻግሩታል። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ እንደ ሆነ መኪናይቱ ብዙ ዓመት ታገለግላለች፤ በጥድፊያ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ በነጂው ሕይወት ላይ ነው። መሪዋ የተሻገረ መኪና መሆኗን ለማወቅ ቢፈልጉ የዝናብ መጥረጊያዋን ያስነሡ። ለቀኝ ነጂ የተሠራ መጥረጊያ አብልጦ የሚጠርገው የቀኙን ወገን ነውና፥ በግራ የተቀመጠው ሰው ፊት ያለው ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል። ቀጥለውም ኮፋኖውን ከፍተው፥ ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ የቀድሞው መሪ ያልፍበት የነበረው ቀዳዳ በላሜራ ተደፍኖ እንደ ሆነ ይመልከቱ።

ከአሜሪካ የመጣች መኪና እንደ ሆነች ደግሞ ታሪኳን ማግኘት ይቀላል። በዚያ አገር የኪሎ ሜትር ቆጣሪን ለማታለል ወደ ኋላ መመለስ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። «ካርፋክስ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የየመኪናውን ታሪክ እየሰበሰበ ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህም የአገሪቱ የባለቤትነት መዝገብ ለገዢዎች ተከፍቷል። በዋሽንግተን ወይም በዳላስ ዘመድ ያለው ሰው የሻንሲውን ቁጥር በስልክ ቢልክለት፥ ዘመዱ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ታሪኳን በደቂቃዎች ውስጥ ያነብለታል። በዚያ የኢንሹራንስ ኩባንያ «መጠገኛዋ ከዋጋዋ ይከብዳል» ብሎ የጣላት መኪና በወረቀቷ ላይ «ሳልቬጅ» የሚል ቃል ይጻፍባታል። እንዲህ ያለችው መኪና ግን ሁልጊዜ አትቀበርም፤ በሐራጅ ተሸጣ፥ ባሕር ተሻግራ፥ በሌላ አገር ከሙታን ትነሣለች። አዲሱ አገር ያንን ቃል የሚያነብላት ከሌለ እንደ ጤነኛ ትሸጣለች።

ከዚያ በኋላ ጅቡቲ ነው። ይህ በር ለመኪና አዲስ በር አይደለም፤ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ሲመጣ የመጣው በዚሁ ወገን ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበርና፥ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የመኪናው መንገድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በዲኪል በኩል ጋላፊ ኬላ ይደርሳል፤ ከዚያም በሰመራ፥ በሎጊያ፥ በሚሌና በገዋኔ አድርጎ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይወጣል። እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ የሄደ ሰው አይረሳውም። ግራና ቀኙ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በሩቅ የግመል ሰልፍ ይታያል፤ ተሳቢዎች አንዱ የሌላውን አቧራ እየዋጠ እንደ ጉንዳን ይተማሉ። በሎጊያ ሾፌሮች ፊታቸውን በውኃ አርሰው ሻይ ይጠጣሉ። በሚሌ የጉምሩክ ሰዎች ወረቀት ይመረምራሉ። መተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ መንገዱንና ሐዲዱን ከፍ አድርጎ መሥራት አስፈልጎ ነበር። ከአዳማ በኋላ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሞጆ፥ ቢሾፍቱ፥ ዱከም፥ ገላን እያለ መንገዱ ቃሊቲ ይገባል።

ይህን ሁሉ የምነግርዎት የመንገዱን ውበት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። መኪናይቱ ያለፈችበት አገር ሁሉ በላይዋ ፊርማውን ይተዋል። የባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ዳሽቦርዷን ይሰነጥቀዋል፥ የፊት መብራቷን ያወይበዋል፥ የበሮቿን ላስቲክ ያደርቀዋል። በረዶ በሚጥልበት አገር የኖረች እንደ ሆነች፥ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሆዷን በዝገት በልቶታል፤ ከላይ ሲያዩአት አዲስ ናት፥ ከታች ሲያዩአት ወንፊት ናት። ጎርፍ ያገኛት እንደ ሆነች ደግሞ የደኅንነት ቀበቶዋን እስከ መጨረሻው ስበው ቢያወጡት፥ ውኃው የደረሰበት መሥመር በጨርቁ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከምንጣፏ በታችም ደቃቅ ደለል ይቀራል። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. በዱባይና በሻርጃ ብርቱ ዝናብ ዘንቦ ብዙ መኪና ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደ ነበር የሰማ ሰው፥ ከዚያ ወገን የመጣች መኪና ሲገዛ ቀበቶውን መሳብ አይርሳ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፥ ወደ ከተማችን ገብተናል። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ሲሸጥ ያዩታል። ሁሉም ከላቫጆ የወጡ ናቸው፤ ጎማቸው በጥቁር ቅባት ያብረቀርቃል፤ ሞተራቸው ሳይቀር ታጥቧል። ደላላውም በዚያው ይቆማል። የደላላ ንግግር ለብቻው አንድ ቋንቋ ነው። «ቁልፍ ብቻ ናት፤ አስነሥቶ መሄድ ነው»፥ «ሴት የነዳቻት ናት»፥ «ጋራዥ ገብታ አታውቅም» ይላል። ጋራዥ ገብታ የማታውቅ የ15 ዓመት መኪና ብትኖር የምታስፈራ እንጂ የምታስመካ አለመሆኗን ልብ ይበሉ፤ ዘይቷን ማን ለወጠላት? ከሁሉም የሚረቀው ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ነው። «የ2007 ናት» ይልዎታል። በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ። ደላላው አልዋሸም፤ እርስዎ አልጠየቁም።

እንግዲህ ጥርሷን እንግለጥ። የመኪና ጥርስ የሻንሲ ቁጥሯ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ፥ በኋላም በሌሎች አገሮች፥ ይህ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ሆኖ ተወስኗል። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ «አይ»፥ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት ፊደላት በውስጡ አይገቡም። የመጀመሪያው ምልክት የተሠራችበትን አገር ይናገራል፤ «ጄ» ጃፓን፥ «ደብልዩ» ጀርመን፥ «ኬ» ኮርያ፥ «ኤል» ቻይና፥ 1፥ 4 እና 5 አሜሪካ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይገልጻል፤ 7 የሆነ እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. 2007፥ «ኤ» የሆነ እንደ ሆነ 2010፥ «ኤፍ» የሆነ እንደ ሆነ 2015 ነው። ለጃፓን ለራሷ ገበያ የተሠሩት ግን ቁጥራቸው ከዚህ ያጠረ ነውና በዚህ አይደንግጡ።

ቁጥሩን በሊብሬው ላይ ብቻ አያንብቡ። በመስታወቱ ሥር በዳሽቦርዱ ጥግ፥ በነጂው በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፥ በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ወይም በመቀመጫው ሥር በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይፈልጉት፤ ሁሉም አንድ መሆን አለባቸው። ብረቱ የተፋቀ፥ ዙሪያው የተበየደ፥ አኃዞቹ ወጣ ገባ ያሉ እንደ ሆነ ዋጋ መከራከርዎን አቁመው ይሂዱ። ከዚህም በቀር የደኅንነት ቀበቶው ላይ ያለው ትንሽ ጨርቅ የተሠራበትን ጊዜ ይናገራል፤ ጎማውም በጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለው፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። መኪናይቱ የ2007 ሆና ቀበቶዋ የ2003 የሆነ እንደ ሆነ፥ አንዱ ሌላውን ያጋልጣል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ደግሞ በሒሳብ ይመርምሩት። አንዲት መኪና በከተማ ኪራይ ላይ በቀን 120 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፥ በዓመት በ300 የሥራ ቀን 36,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በአምስት ዓመት 180,000 ነው። ቆጣሪዋ 98,000 ይላል፤ የፍሬን ፔዳሏ ላስቲክ ግን አልቆ ብረቱ ይታያል፥ መሪዋ በእጅ ብዛት ለስልሷል፥ የነጂው መቀመጫ ጎኑ ጎድጉዷል። ቆጣሪውን በኮምፒዩተር መመለስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያለቀ ፔዳልን ማርጀት የሚያቆመው ግን የለም። ሁሉንም አዲስ አድርገው የለወጡ እንደ ሆነ ደግሞ «ገና 98,000 ለሄደች መኪና ፔዳል መለወጥ ለምን አስፈለገ?» ብለው ይጠይቁ።

ቀጥሎ ዳገት ማስወጣት ነው። ለዚህ እግዚአብሔር ለአዲስ አበባ እንጦጦን ሰጥቷታል። ቀጠሮውን በጧት ያድርጉት፤ ሻጩንም ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። ሲደርሱ ኮፋኖው ላይ እጅዎን ያሳርፉ፤ የሞቀ እንደ ሆነ የተሰወረ ነገር አለ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅና ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ እውነተኛ ነው፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቷን፥ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውኃ መብላቷን ይናገራል። ከዚያ ከስድስት ኪሎ ተነሥተው በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ ይንዱ። ከተማይቱ ራሷ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና ሞተር ሁሉ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ደካማው ራዲያተርም በዚያ ይፈላል፥ ያለቀው ፍሪሲዮን በዚያ ይሸታል፥ የታመመው ካምቢዮ በዚያ ያመነታል። ሲወርዱ ደግሞ ፍሬኑን ይፈትኑ። ባሕር ዛፉ መካከል ቆመው ሞተሩን ሳያጠፉ ቢያዳምጡ፥ ከደላላው ንግግር ይልቅ የምትናገረው መኪናይቱ ናት።

አንድ ቀን ደግሞ መርካቶ፥ ሶማሌ ተራ ይግቡ። ምንም ባይገዙ ለማየት ያህል ይግቡ። መለዋወጫ በዚያ ተዘርግቷል፤ በር ለብቻው፥ ሞተር ለብቻው፥ መብራት በክር ታስሮ፥ ሙሉ የፊት ግማሽ አካል ሳይቀር ይገኛል። ይህን ያየ ሰው በመንገድ ላይ የሚያያት አንዲት መኪና በእውነት አንዲት መሆኗን ይጠራጠራል። ጥገና ነውር አይደለም፤ አገራችን ውስጥ መኪና 30 እና 40 ዓመት የሚኖረው በእነዚህ ባለሙያዎች ጥበብ ነው። ነውሩ የተጠገነውን እንዳልተጠገነ አድርጎ መሸጥ ነው። ስለዚህ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዘው አካሏን ይዳስሱ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ያለበት ነው። የበሮቿን ስንጥቅ በዓይንዎ ይለኩ፤ በአንድ በኩል ጠባብ በሌላው ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ ተመትታ ነበር። አንድ ታማኝ ሜካኒክ በክፍያ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ወይም ደላላው የመረጠልዎትን ሜካኒክ ግን አይውሰዱ።

አሁን ሦስተኛው ቀረ፤ ዋስ መጥራት። በዘመናችን ዋሱ መዝገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ማንኛውም መኪና ተመርምሮ ይመዘገባል፤ በተመዘገበበትም መሥሪያ ቤት ፋይል አለው። ሊብሬው የፋይሉ ጥላ ነው እንጂ ፋይሉ ራሱ አይደለም። ሊብሬ ሊጠፋና ሌላ ሊወጣበት ይችላል፥ ሊጭበረበርም ይችላል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄደው ይህን ይጠይቁ፦ በመኪናይቱ ላይ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለባት? ከቀረጥ ነጻ የገባች እንደ ሆነች ቀረጡ ተከፍሏል? ስንት ባለቤት ነበራት? ሞተሯ ወይም ቀለሟ ተለውጦ እንደ ሆነ ተመዝግቧል? ዛሬ የቤት መኪና የሆነችው ቀድሞ የኪራይ ወይም የታክሲ አልነበረችም? ቦሎዋ የዘንድሮ ነው? ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት አለባት? በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት ደግሞ በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የተሰጠ የብድር ዋስትና በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለ መዝገብ ይገባልና፥ እሱንም ማስመርመር ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሽያጩ ውል ሰዎች እስካሁን «ውልና ማስረጃ» በሚሉት የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይፈረማል። ሻጩ ባለትዳር የሆነ እንደ ሆነ የሚስቱ ወይም የባልዋ ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎት። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ የሒሳብ መምህር፥ የሦስት ዓመት እቁቡን አውጥቶ አንዲት ትንሽ መኪና ገዛ። ሜካኒክ አሳይቷል፥ ዳገት አስወጥቷል፥ የሻንሲውንም ቁጥር አስተያይቷል። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ለመቆጠብ ግን ሻጩ «ውክልና ልስጥህ፤ የራስህ ናት» ሲለው እሺ አለ። መኪናይቱ ጤነኛ ነበረች፤ አንድ ዓመት ተኩል ያለ እንከን ነዳት። ከዚያ ሻጩ በድንገት ሞተ። ልጆቹ በአባታቸው ስም የተመዘገበች መኪና መኖሯን በፋይሉ አይተው በፍርድ ቤት አሳገዱ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናው ይቀራል ይላል። ገንዘብ መክፈሉን የሚያስረዳለት ምስክር እየፈለገ፥ በትምህርት ሰዓት ፈቃድ እየጠየቀ ችሎት ይመላለሳል። መኪናይቱ በግቢው ውስጥ ቆማ ጎማዋ ተንፍሷል። ልጆቹም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እነሱ የሚያውቁት መዝገቡን ነው፥ መዝገቡም የአባታቸውን ስም ይናገራል።

ያው ሕግ ሻጭ ለተሰወረ የዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑንም ይደነግጋል፤ ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ ማስታወቅ አለበት፤ ሲገዛ አውቆት ለነበረው ጉድለትም አቤት ማለት አይችልም። ስለዚህ ሻጩ በአፉ የነገረዎትን ነገር፥ «አልተጋጨችም፥ ኪሎ ሜትሯ እውነተኛ ነው» ያለውን ሁሉ፥ በውሉ ውስጥ ያስጽፉት። እውነተኛ ሻጭ ለመጻፍ አይከፋውም። «ይህ ምን ያስፈልጋል፥ አትተማመንብኝም ወይ?» ያለ እንደ ሆነ ግን መልሱን አግኝተዋል።

ለኤሌክትሪክ መኪና የሚያስብ አንባቢ ቢኖር ለእርሱም አንድ ቃል። በዚያ ሞተሩ ሳይሆን ባትሪው ነው ጥርሱ። ባትሪው አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም ስንት በመቶ እንደ ቀረው የሚያነብ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ያሳዩ፤ ከዚያም ሙሉ ሞልተው እስከ ቢሾፍቱ ደርሰው ተመልሰው ስንት እንደ ቀረ ያንብቡ። ሆዷን ከታች አይተው የባትሪው ሣጥን ተመትቶ እንዳልሆነ ያረጋግጡ። ባትሪ የሞተባት መኪና ርካሽ ብትሆንም ውድ ናት።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ሁለት ቀን የዓመት ፈቃድ፥ የሜካኒክ ዋጋና የጥቂት ሊትር ቤንዚን ወጪ ይበቃል። በሌላው ወገን የተቀመጠው የሦስትና የአራት ዓመት እቁብ ነው፤ ለጀማሪ ደመወዝተኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደላላው በመካከሉ ስልክዎን እየደጋገመ ይደውላል፤ «ሌላ ገዢ ከነገንዘቡ ቆሟል፥ ዛሬ ካልወሰዷት ነገ አያገኟትም» ይላል። ይውሰዳት። የሻንሲ ቁጥሩን የጻፉበትን ወረቀት በኪስዎ አድርገው፥ ነገ ጧት ፋይሉ ያለበት መሥሪያ ቤት በሰዓቱ ይድረሱ።